አያ ይመር የተኛበት ፊልም

ሰው እስከ ዛሬ በሕይወት የመኖሩ ምክንያት ሲነሳ አንዱ ሐኪሙን፣ አንዱ ታቦቱን፣ ሌላው የእናቱን ጸሎት ይጠራል። እኔ የምጠራው አንድ ሞቶ ያልሞተ ፈረንጅ ነው። እናቴ እንዲህ ስል ከሰማችኝ ዛሬም ትቆጣለች። በጾም በጸሎት ያስገኘችውን ነገር ለሌላ የሰጠሁባት ይመስላታል። እናንተ ግን ነገሩን ሰምታችሁ ፍረዱ።

ጊዜው የደርግ ዘመን መገባደጃ ነው። ጦርነቱ ከሰሜን ወደ እኛ እየቀረበ፣ የብሔራዊ ውትድርና ጥሪም እየተደጋገመ የመጣበት ወቅት ነበር። እኔ ያኔ ሃያዎቹን የጀመርኩ፣ ማትሪክ የወደቅሁ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ እናቴ ቤት የምኖር ጎረምሳ ነኝ። ሥራ ፈት ግን አልነበርኩም። መኪና ላይ ፕሮጀክተር ጭኖ በየገበሬ ማኅበሩ እየዞረ የጤና ትምህርት ፊልም የሚያሳይ አንድ መሥሪያ ቤት በጊዜያዊነት ቀጥሮኝ፣ የተበጠሰ ፊልም እቀጥል፣ የተቃጠለ አምፖል እቀይር ነበር። ካሉን ጥቂት ፊልሞች ዋነኛው ስለ ወባ የሚያስተምረው ነው። በዞርንበት ሁሉ ያንን ፊልም ያላየ ገበሬ ማግኘት ይቸግር ነበር። ደጋግመው ያዩትማ ቢንቢዋ ገና ብቅ ስትል «መጣች ያቺ ሌባ» ይሏታል።

ቤተሰባችን ጴንጤ ነው። የጸሎት ቤታችን ከታሸገ ቆይቶ ስለነበር እነ እናቴ በየተራ በየሰው ቤት እየተሰበሰቡ በሹክሹክታ ይዘምሩ ነበር። ጎረቤት አይሰማንም ብለው ያምናሉ። አንዲት ሙስሊም ጎረቤታችን ግን ዜማው የተበላሸ እንደሆነ በማግስቱ እናቴን አጥር ላይ ጠርታ «የትናንቷ እንኳ አላማረችም፤ ያቺ የቀድሞዋ ትሻላለች» ትላት ነበር።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ እያለሁ ነው ስሜ የተያዘው። ሰኞ ጠዋት ስንቅህን ይዘህ ቅረብ ተባልኩ። ከሰፈራችን ቀደም ብለው ከሄዱት ልጆች የተመለሰ አልነበረም። እናቴ ጾም ያዘች። እኔ ደግሞ መብላት አቃተኝ። ውጤቱ ያው ስለሆነ ሁለታችንም የጾምን መሰልን።

ዓርብ ዕለት ግን አንድ ሰው መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጥቶ «ጓድ እንድሪስ ኮምቦልቻ ቤታቸው ይፈልጉሃል» አለኝ። ጓድ እንድሪስ በአውራጃው የምልመላውን ሥራ ከሚመሩት አንዱ ነው። ስሙን የሚጠራ ሰው መጀመሪያ ዞር ብሎ ከኋላው ያለውን ያያል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በሚኒባስ ወረድሁ።

ቤቱ አንድ ፈረንጅ ጥሎት የሄደ ቪላ ነው። አብዮቱ ቤቱን ሲወርስ ዘበኛውንም አብሮ ወርሶታል። ዘበኛው አያ ይመር ይባላሉ፤ የኩታበር ሰው ናቸው፤ ቀጠን ያሉ፣ ነጭ ቆብ የማይለያቸው ሽማግሌ። በሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «የሲኒማው ልጅ ነህ? ግባ። አብሽር፣ አይበላህም» አሉኝ። አለመብላቱ ግን ገና ወደፊት የሚታይ ነበር።

ጓድ እንድሪስ ሳሎን ውስጥ ካኪውን እንደለበሰ ተቀምጧል። ቁጭ በል አላለኝም።

«ፊልም ትጠግናለህ አሉ።»

«የተቻለኝን ያህል፣ ጓድ።»

«ሰኞ ደግሞ ትዘምታለህ አሉ።»

«አዎ፣ ጓድ።»

«ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማድረግ አይቻልም» አለና ሲጋራውን ተረኮሰ። «እሑድ ከክፍለ ሀገር አንድ ትልቅ ጓድ ለምሳ ይመጣል። ፊልም ይወዳል። እዚህ ቤት ፈረንጁ የተወው ፊልም አለ፤ ማሽኑም አለ። ከምሳ በኋላ አሳይሃለሁ ብዬዋለሁ። እሑድ ከታየ ሰኞ አትሄድም። ካልታየ የመጀመሪያው መኪና ላይ ነህ።»

«ምን ዓይነት ፊልም ነው፣ ጓድ?»

«ደም የሚመጥጥ መስፍን ነው አሉ። ትምህርታዊ ነው።»

አያ ይመር ወደ ዕቃ ቤቱ ወሰዱኝ። ሦስት ክብ ቆርቆሮዎች በአቧራ ተሸፍነው ተደራርበዋል። የመጀመሪያውን ስከፍት የኮምጣጤ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ፊልም ሲያረጅ እንደዚያ ይሸታል። የፊልሙ ስም ያለበት መጀመሪያው ክፍል ተኮማትሮና ተጣብቆ እንደ ጥብስ ሆኗል፤ ስለዚህ ስሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ቀሪው ግን ተስፋ ነበረው። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ በቤንዚን በራሰ ጥጥ ጥቂት ጥቂቱን እየጠረግሁ፣ ማሽኑ የሚይዝባቸው የጎን ቀዳዳዎች የተቀደዱበትን እየቆረጥሁ እቀጥል ጀመር። ማጣበቂያዬ ሲያልቅብኝ ገበያ ወጥቼ አንዲት ፀጉር ሠሪ ጋ ገባሁና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ለመንኳት። የማይረባ ቁራጭ ፊልም እሱ ውስጥ ሲሟሟ ደህና ማጣበቂያ ይወጣዋል። «ለማን ነው?» ብትለኝ «ለደም መጣጭ» አልኳት። ቀልድ መስሏት ብዙ ሳቀች።

ፊልሙን ብርሃን ላይ እያነሳሁ ሳየው ታሪኩ ገባኝ። ጥቁር ካባ የለበሰ ረጅም ሰውዬ ወደ አንድ ሐኪም መኖሪያ ቤት በእንግድነት ይመጣል። ቀን ቀን ሣጥን ውስጥ ይተኛል፤ ሲመሽ ይነሳና የሐኪሙን ልጅ ደም ይመጥጣል። ችግሩ ግን ሰውዬው ወደ ልጅቱ አንገት ጎንበስ ባለ ቁጥር ፊልሙ ይቆረጥና ወዲያው ይነጋል፤ ልጅቱም ሻይ ስትጠጣ ትታያለች። ከኔ በፊት የነበረ ሰው፣ ሳንሱር ይሁን የፈረንጁ ሚስት ትሁን እንጃ፣ ንክሻውን ከየቦታው ለቅሞ አውጥቶታል። የማይነክስ ደም መጣጭ ቀርቶልኛል ማለት ነው።

የባሰው ሦስተኛው ቆርቆሮ ነበር። ስከፍተው ሙሉ ጨው አገኘሁ።

«አያ ይመር፣ እዚህ ውስጥ የነበረው የት ገባ?»

«ጠፍሩን ነው?»

«የምን ጠፍር?»

ሽማግሌው ሳይመልሱልኝ ወደ ማደሪያ ክፍላቸው መሩኝና የአልጋቸውን ሰሌን ገለጡልኝ። የጠፍር አልጋ ነው። እንጨቱ የጥንት ነው። ጠፍሩ ግን የበሬ ቆዳ ሳይሆን ሦስት ሦስት እየሆነ የተገመደ ፊልም ነበር። ከዳር እስከ ዳር ተወጥሮ ተጠላልፏል፤ ሥራው ውብ ነው።

«ፈረንጁ ሲሄድ የሚፈልገውን ሁሉ ይዞ ነው የሄደ። ይኸን ጣለው። እኔ ደግሞ ጠፍር ተወዶብኝ ነበር» አሉኝ በኩራት። «ወላሂ ከበሬ ቆዳ ይበልጣል። ትኋን የሚባል አይጠጋውም።»

ተንበርክኬ አንዱን ገመድ አየሁት። ለዓመታት ተተኝቶበት ምስሉ ተፍቆ እንደ መስታወት ጠርቷል። የፊልሙ መጨረሻ፣ ደም መጣጩ መሞት አለመሞቱ የሚታወቅበት ክፍል፣ እዚያ ነበር። ከሽማግሌው ጀርባ ሥር አልቋል። እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አያ ይመር ለአልጋቸው ጥራት ያለቀስኩ ሳይመስላቸው አልቀረም፤ ትከሻዬን ነካ ነካ አድርገው ውሃ ሰጡኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ደሴ ወጣሁ። እናቴን ተሰናብቼ፣ እንደ ሰው አልቅሼ ሰኞን ልጠብቅ ነበር ሐሳቤ። መኪናው ሐረጎን ሲወጣ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው አንገቱ ላይ ያረፈች ቢንቢ በጥፊ መታ። መዳፉን ሲያየው ደም ነበረበት። እኔም ያንን ደም ሳይ መፍትሔዬን አየሁት። መሥሪያ ቤታችን ሊወገድ የተቀመጠ የወባው ፊልም አሮጌ ቅጂ ነበረን። እሱም ጥቁርና ነጭ ነው፣ ልኩም አንድ ነው። ቢንቢዋ ከነመርፌዋ ስክሪን ሙሉ ሆና ቆዳ ስትወጋ፣ ሆዷ በደም ሲነፋ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ንክሻ ከተፈለገ ከዚህ የበለጠ ንክሻ የት ይገኛል?

ቅጂውን ይዤ ለእናቴ ልነግራት ቤት ጎራ ስል ተንበርክካ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን ፊልም ነው የሚያሠሩህ?»

«ስለ ወባ ነው» አልኳት።

«ተመስገን፤ በጎ ነገር ነው» ብላ ወደ ጸሎቷ ተመለሰች።

እሑድ ደረሰ። የቪላው ሳሎን መስኮቶች በጠራራ ፀሐይ በብርድ ልብስ ተሸፈኑ፤ ግድግዳው ላይ አንሶላ ተወጠረ። ትልቁ ጓድ ሰፊ ሰው ነው፤ ምሳውን ሲጨርስ ቀበቶውን አላልቶ ሶፋው ላይ ተዘረጋ። ጓድ እንድሪስ ከጎኑ በሶፋው ጫፍ ተቀመጠ። ፊት ለፊት ምንጣፉ ላይ ደግሞ የጓድ እንድሪስ እናት እማማ ዘይነባ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ሙሰበሃቸውን፣ ይዘው ተቀምጠዋል። ጥቁር፣ ትንሽዬ ሴትዮ ናቸው። ልጃቸው የሚያዘው ሰው ሁሉ ሲፈራው አይቻለሁ፤ እሳቸው ፊት ግን ሲጋራውን ከኋላው ይደብቃል።

የማሽኑ ድምፅ አይሠራም ነበር። ስለዚህ እኔ ከማሽኑ ጎን ቆሜ ሰዎቹ የሚሉትን መናገር ነበረብኝ። ማትሪክ የወደቅሁት በእንግሊዝኛ ነው። ብርሃኑ አንሶላው ላይ ሲወድቅና ምስሉ ሲንቀሳቀስ ግን፣ ልንገራችሁ፣ ሰኞን ረሳሁት። ያንን ሁሉ ቁራጭ እኔ ነኝ የቀጠልኩት። አንድም ቦታ አልተበጠሰም።

ሐኪሙ እንግዳውን ራት አቀረበለት። እንግዳው አልበላም።

«ለምን አይበላም?» አሉ እማማ ዘይነባ።

«ጠግቤአለሁ ይላል» አልኳቸው።

«የሰው ቤት ገብቶ እህል የማይቀምስ ተንኮል አለው። አስወጡት።»

እንግዳው መሸለትና ወደ ልጅቱ ክፍል ገባ። ጎንበስ አለ። አንገቷ ጋ ሲደርስ ቢንቢዋ ብቅ አለች፤ ግዙፍ፣ ፀጉራም፣ እግሮቿን አንፈራጣ። መርፌዋን ሰካች። ትልቁ ጓድ በደመ ነፍስ የራሱን ክንድ በጥፊ መታ። ጓድ እንድሪስ ዞሮ አየኝ። ጨለማ ቢሆንም አስተያየቱ ተሰማኝ። እማማ ዘይነባ ግን አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ሐቂቃ፣ እውነት ነው። የኛ ቢንቢም እንዲሁ በሰው ተመስላ ነው የምትገባው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሰውዬው በነከሰ ቁጥር ቢንቢዋ ትመጣለች፤ ትልቁ ጓድም ክንዱን ይመታል። መጨረሻው ላይ ደረስን። ሰውዬው ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ ክዳኑን ከላዩ ዘጋ። ቀጥሎ መታየት ያለበት የአያ ይመር አልጋ ነበር። እኔ የቀጠልኩት ግን የወባው ፊልም መዝጊያ ነው፤ የወባ ማጥፊያ ሠራተኞች ቆብ አድርገው፣ ፓምፕ ተሸክመው፣ በሰልፍ ይመጡና የአንድ ገበሬ ጎጆ ግድግዳ ላይ ዲዲቲ ይነፋሉ። ገበሬው ፈገግ ይላል። ፊልሙ አለቀ።

ብርድ ልብሱ ከመስኮቱ ተነሳ። የጓድ እንድሪስ ፊት አመድ መስሏል። በእንግዳው ፊት አሳፍሬዋለሁ። ትልቁ ጓድ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሻሸ።

«ይህን ፊልም ማነው የሠራው?» ሲል ጠየቀ።

ጓድ እንድሪስ ቀስ ብሎ «ይሄ ልጅ ነው። ነገ ይዘምታል» አለ። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ማሽኑን ተደገፍሁ። እናቴ ታየችኝ፤ ስንቄን ስትቋጥር።

«ሞተ ወይስ አልሞተም?»

የጠየቁት እማማ ዘይነባ ናቸው። ከምንጣፉ አልተነሱም፤ አንሶላውን ነው የሚያዩት።

«ሞቷል፣ እማማ» አልኩ በደከመ ድምፅ።

«በምን?»

«በዲዲቲ።»

«እኛ ቤት በየዓመቱ ይነፋል። ነፊዎቹ ሲወጡ ቢንቢዋ ትገባለች። ይቺን ትንሿን ያልገደለ መድኃኒት ያንን ግንድ የሚያህል ሰውዬ ገደለ ትለኛለህ?» ወደ እኔ ዞሩ። «ሬሳውን አየህ?»

«አላየሁም።»

«ሬሳ ሳይታይ ሞተ ተብሎ ያውቃል እንዴ? ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ ዘጋ፤ እኔ እስከማውቀው ያ ነገር እዚሁ ቤቴ ውስጥ ተኝቷል። ዛሬ ሲመሽ ይነሳል።» ከዚያ ልጃቸውን አዩት። «እንድሪስ፣ ይሄ ልጅ የትም አይሄድም። ያስገባው እሱ ነው፤ ያስወጣው። መጨረሻውን ፈልጎ፣ ሞቱን አሳይቶኝ ነው ከዚህ የሚንቀሳቀስ።»

«እማ፣ ይሄ እኮ የመንግሥት ጉዳይ ነው…»

እማማ ዘይነባ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «በጠባኸው ጡት ይዤሃለሁ።»

ጓድ እንድሪስ አፉን ዘጋ። የወሎ ልጅ የፈለገውን ያህል ማርክስን ያንብብ፣ ይህችን ቃል ሰምቶ የሚያልፍበት እግር የለውም። ትልቁ ጓድ እናትየውንና ልጁን እያፈራረቀ አይቶ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ቆላ ሳለ ወባ ሊገድለው እንደነበር አወራንና «እናትህ እውነታቸውን ነው። የተጀመረ ዘመቻ ከግብ ሳይደርስ ሰው አይነሳም። ልጁ ይጨርስ» አለ።

እንዲህ ሆኖ ሰኞ መኪናው ያለእኔ ሄደ። እናቴ ጌታ ጸሎቷን እንደሰማ ለጉባኤው መሰከረች። በምን መንገድ እንደሰማ ግን ዝርዝሩን አልነገርኳትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ብታምኑም ባታምኑም ቂልነቴን ያሳያል። ብልጥ ሰው ቢሆን ኖሮ እጁን አጣጥፎ «እየሠራሁ ነው» እያለ ይኖር ነበር። እኔ ግን የምር ሥራዬ ብዬ ያዝኩት። ፊልሙ ካለቀ ነጻነቴም እንደሚያልቅ እያወቅሁ በየሳምንቱ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። አያ ይመር አልጋቸውን ባንዴ አላፈርስም አሉ፤ አንዱን ገመድ ፈትቼ፣ አይቼ፣ መልሼ ጠልፌ ነው ሌላውን የሚፈቅዱልኝ። ስለዚህ ጠፍር መጥለፍ ተማርኩ። የተፋቀውን እንዳለ እመልሳለሁ፤ ጥላ ቢጤ የቀረበትን አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ብርሃን ላይ አነሳለሁ። አንድ ቀን የካባ ጫፍ፣ አንድ ቀን የበር እጀታ አገኛለሁ። ጓድ እንድሪስ ግቢው ውስጥ ሲያገኘኝ «ደረስክ?» ይለኛል። «ትንሽ ይቀራል፣ ጓድ» እለዋለሁ። ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ደርሻለሁ እንዳልለው የሚፈራ ይመስለኝ ነበር።

በዚህ ላይ ብዙ ወራት አለፉ። ሰፈራችን በወጣት በኩል ባዶ ሆነ። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ግድግዳው ጥግ በኩል፣ የሰው ገላ የማይደርስበት የአልጋው ማዕዘን ላይ የነበረውን ገመድ ስፈታ ምስሉ ደህና ሆኖ አገኘሁት። ብርሃን ላይ አነሳሁትና እስከ ጫፉ ተከተልኩት። ሣጥኑ ይከፈታል። ከዚያ የሆነውን ሁሉ አየሁ። መሞቱ፣ ሬሳው፣ ሁሉም አለ። ሩጫ እንዳሸነፈ ሰው እየዘለልኩ ወደ እማማ ዘይነባ በረርሁ። በረንዳው ላይ የአስር ሶላታቸውን ጨርሰው ምንጣፋቸውን ያጥፉ ነበር።

«እማማ፣ ተገኘ። ሞቱ ተገኘ።»

ማጠፋቸውን አላቋረጡም። «ማን አየ?»

«እኔ።»

«ይመርስ?»

«አላዩም።»

«እንድሪስ?»

«አሁን ልነግረው ነው።»

«ሞኝ ነህ» አሉኝና ተቀመጡ። እኔንም አስቀመጡኝ። «ያ ነገር አንሶላ ላይ የወደቀ ጥላ መሆኑ ጠፍቶኝ መሰለህ? እኔ እኮ ፈረንጁ እያለ ለዚህ ግቢ ወተት አመላልስ ነበር። ያንን ማሽን አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ያን ዕለት…»

«ያን ዕለት አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። እንድሪስ ጅን ይፈራል። ከልጅነቱ ነው፤ የትኛውም ስብሰባ አላስተወውም።» ሙሰበሃቸውን ጣታቸው ላይ ጠመጠሙ። «ታናሽ ወንድም አለው፤ ሙሄ ይባላል። ባንተ ዕድሜ ነው። እንድሪስ ራሱ ነው መኪና ላይ ያወጣው። ሰው የራሱን ወንድም ደበቀ እንዳይለው። ያኔ የመንግሥት ነገር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ደብዳቤ የለ፣ መርዶ የለ። አለ ብዬ አልጠብቅ፣ ሞተ ብዬ አላለቅስ። አንተን እዚያ ማሽኑን ተደግፈህ ስትቆም ሳይ፣ ሁለተኛ ዝም አልልም አልኩ። በቃ ይኸው ነው።»

አለቀስኩ። እሳቸው ግን አላለቀሱም፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«አሁን ሂድና የይመርን አልጋ እንደነበረ መልስለት። አርጅቷል፤ ወገቡን ያመዋል።»

ሄጄ ጠለፍኩት። መጨረሻውን ከነሬሳው፣ ሦስት ሦስት አድርጌ ገምጄ፣ በደንብ ወጠርኩት። አያ ይመር በእጃቸው ጫን ጫን አድርገው ሞከሩት።

«አልሆነልህም?»

«አልሆነም፣ አያ።»

«እኔስ መጀመሪያ ጠፍር ነው ብዬህ ነበር» አሉኝ።

ጓድ እንድሪስ ሲጠይቀኝ እኔም «ትንሽ ይቀራል» እያልኩ፣ እናትየውም «ገና አልሞተም» እያሉ፣ ያ መንግሥት ራሱ ወደቀ። በዚያ ሰሞን መንገዱ ከሰሜን በሚመጣ የተሸነፈ ወታደር ተጥለቀለቀ፤ ባዶ እግሩን የሆነ፣ የቆሰለ፣ መሣሪያውን በዳቦ የሚለውጥ። ጓድ እንድሪስ የት እንደገባ አይታወቅም ነበር። የእማማ ዘይነባን ነገር ሳስብ አላስችል ብሎኝ ወደ ኮምቦልቻ ወረድሁ። ከግቢያቸው በር ላይ እንስራ ውሃ አስቀምጠው፣ በጣሳ እየቀዱ ለሚያልፈው ሁሉ ሲያጠጡ አገኘኋቸው። ለእያንዳንዱ ጣሳውን ሲሰጡ ፊቱን ቀና አድርገው ያያሉ። «የማን ልጅ ነህ? ሙሄ የሚባል የኮምቦልቻ ልጅ ታውቃለህ?» ይላሉ። ወታደሩ ጠጥቶ ራሱን ይነቀንቃል፤ ቀጣዩ ይመጣል።

ባልዲ አንስቼ ውሃ እያመላለስኩ ዋልኩ። ሰልፉ ጋብ ሲል ደስ የሚያሰኛቸው መስሎኝ «እማማ፣ እንግዲህ የሚያስፈራን የለም። ያ ሰውዬ እንዴት እንደሞተ ልንገርዎት?» አልኳቸው።

ጣሳውን አስቀመጡ። «አትንገረኝ» አሉ። «ለማንም አትንገር። አልሞተም ብዬ ለአንተ ስል እንዲያ ስምል ከርሜ፣ አሁን ሞቷል የምትለኝ ከሆነ ሙሄ አልሞተም በምን አፌ እላለሁ?»

ከዚያም ጣሳውን ሞልተው ወደ መንገዱ ዞሩ።

አንባቢዎቼ፣ ያ ገጠመኝ ምን ለወጠህ ብትሉኝ፣ እኔ ከዚያ በኋላ ፊልም መጠገን ትቼ የጠፍር አልጋና ወንበር ሠሪ ሆንኩ። ልጆች ወልጄ ያሳደግሁት በዚሁ ነው፤ በመጠኑም ስም አለኝ። ሁለተኛው ለውጥ ግን ከሙያው ይከብዳል። በጉልበትም በሥልጣንም ያልቆመ መኪና ጡት ባጠባች አንዲት አሮጊት ቃል ሲቆም ስላየሁ፣ ምንም ማድረግ አይቻልም የሚል ሰው አያሳምነኝም። ምንም ማድረግ አይቻልም ብላ ዝም ያለች አንዲት እናት በምን እንደከፈለችም አይቻለሁ። ሁለቱም አንድ ሴት ነበሩ።

እማማ ዘይነባ ዛሬ የሉም። አያ ይመርም አርፈዋል፤ አልጋቸው እኔ ቤት ነው። ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ በመጨረሻ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ሰውዬው እንዴት ሞተ ይለኛል። ለሚስቴም አልነገርኳት፤ እናንተም አትጠይቁኝ። ሙሄ ገና አልመጣም።